ሎደሩ ቧሂት ላይ አልነሳ አለ፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፤ እባካችሁ አሁኑኑ!

ጠያቂ (ጎንደር)፦ ሌሊት የወረደው በረዶ ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ከጨነቅ በላይ፣ ቧሂት ማለፊያው ላይ መንገዱን ዘግቶታል። የክረምት ሠራተኞቻችን አካፋ ይዘው እዚያው ናቸው፤ በረዶውን የሚጠርገው ማሽን፣ ሎደሩ፣ ግን አልነሳ ብሏል። ከጃናሞራ የሚመጣ አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ቆሟል። እኔ ያለሁት ቢሮ ነው፤ ልጆቹ ስልክ የሚሠራላቸው ጉብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ምን ልበላቸው?

የአዘዞው መምህር፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ የቧሂት ጫፍ ግን ከ4,400 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ እዚያ ውሃ ያረጋል። አየሩም ስስ ስለሆነ...

ጠያቂ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አውቶቡሱ ግን አሁንም እንደቆመ ነው።

ባለ ታክሲው፦ ባትሪ ነው። ቀይሩት።

ከሚኒሶታ፦ እኛ ዘንድ ጨው ይበተናል፤ ወዲያው ይለቃል። ለምን አታደርጉትም?

የደባርቅ ሾፌር፦ ወንድሜ፣ የእናንተ መንገድ አስፋልት ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ጨው ብትበትን በረዶው ጭቃ ሆኖ ያርፈዋል። ደግሞ ቦታው ፓርክ ውስጥ ነው፤ ዋልያው ሁሉ ጨው ሊልስ መንገድ ላይ ቢሰለፍ ማን ያስነሳልሃል? ለጎማ መያዣ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይበቃል።

ተው ባይ፦ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን? አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጨርሰዋለች።

የደባርቅ ሾፌር፦ በሐምሌ? ፀሐይዋን አንተ ይዘሃት ና እንጂ!

ሜካኒክ (ማራኪ)፦ ጠያቂው ዋናውን ነገር አልነገረንም። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ያዞራል ወይስ ጭራሽ ዝም ነው? የሚያዞር ከሆነ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል ወይስ ምንም? ናፍጣውስ ከየት ተቀዳ?

ጠያቂ፦ በደንብ ያዞራል። ጭስ የለም። ናፍጣው ትናንት ከበርሜል የተሞላ ነው፤ በርሜሉ ውጭ ነው የሚያድረው።

ባለ ታክሲው፦ ባትሪ ነው አልኩ እኮ።

ጉልቤው፦ ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ሥር ችቦ ለኩሱበት፤ አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ሜካኒክ (ማራኪ)፦ እሳት የሚባል ነገር እንዳታስጠጉ! በደንብ እያዞረ ጭስ ከሌለ ናፍጣ እየደረሰው አይደለም ማለት ነው፤ ባትሪውን ተዉት። ክረምት ውጭ ያደረ በርሜል ውሃ ሳይገባበት አይቀርም፤ ውሃው ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ውስጥ ረግቶ ይሆናል። ፊልትሮውን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ የፈላ ውሃ አይድፉበት። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ። ሲዘጉ በእጅ ፓምፑ እየገፉ አየሩን ያስወጡ፤ አየር ካለ ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩት አይነሳም። በርሜሉን ግን አትድገሙት።

ጠያቂ፦ አሁኑኑ እደውላለሁ።

የደባርቅ ሾፌር፦ ሳትደውል አንድ ነገር ጨምር። አካፋ የያዙት ልጆች በረዶውን ከመሐል መንገድ ወደ ቦዩ እንዳይገፉት። ከገፉት የውሃ ማስተላለፊያው ቱቦ ይደፈናል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀልጥ ውሃው መሄጃ አጥቶ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ያኔ አውቶቡሱ ሳምንት ሊቆም ነው። መጀመሪያ የቱቦውን አፍ ይክፈቱ፣ በረዶውን ወደ ገደሉ በኩል ይጣሉት። ግን ጠርዙ በክረምት ይላላል፤ ሎደሩ ቢነሳም ከጠርዙ ራቅ ይበል።

ተው ባይ፦ ገደል ሥር እረኛ ቢኖርስ?

የደባርቅ ሾፌር፦ ይህኛው ትክክል ነው። አንድ ሰው ቁልቁል እያየ ይቁም።

ከሚኒሶታ፦ ጠያቂ፣ ተነሳ?

ባለ ታክሲው፦ ባትሪ ቀይረው ይሆናል።

ከሚኒሶታ፦ ጠያቂ?

የቀበሌ 18 ልጅ፦ ከርዕሱ ወጣሁ፣ ይቅርታ፤ የክረምት ሠራተኛ ገና ትቀጥራላችሁ? አካፋ የራሴ አለኝ።