ሠራተኛ እንዳይለቅብን ምን እናድርግ?

ሰላም የድሬ ልጆች። ሳቢያን ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለን። ልጆቹ ሙያውን ለምደው እጃቸው ሲፈታ ጥለውን ይሄዳሉ። ደመወዝም ጨምረናል። ሰው ሥራ ላይ የሚቆየው በምንድነው?

መልስ 1፦ እኔን ከፋብሪካ ያስለቀቀኝ አለቃዬ ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ውሃ ልጠጣ ብዬ ከማሽኑ ስነሳ ሰው ፊት ይጮህብኝ ነበር። ክብር ይቅደም፤ ግን ክብር ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ደመወዙንም እዩት።

መልስ 2፦ ትርፍ ሰዓትስ በአግባቡ ትከፍላላችሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቀን ለተሠራ የመደበኛውን ሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ 2.5 እጥፍ ይላል። እዚህ ላይ የተበላ ሰው አይቆይላችሁም።

መልስ 3፦ ካመሻችሁ ሰርቪስ አስቡ። እህቴ ሥራዋን እየወደደች የለቀቀችው ማታ ወደ ገንደ ቆሬ ባጃጅ እያጣች ነው።