ለክለቡ ጠመንጃዎች የዘይትና የቅባት ደንብ፦ ረቂቅ እናዘጋጅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የጋራ ጠመንጃዎቻችንን አያያዝ ይመለከታል። አሁን ሁሉም በመሰለው ነው የሚወለውለው። አንዱ በዘይት ያጠምቀዋል፣ ሌላው ጭራሽ አይነካውም። መነሻ ሐሳቤ፦ አንድ ዓይነት ዘይት ገዝተን ለሁሉም እንጠቀም። ምን ትላላችሁ?

ንብረት ክፍል፦ አንድ ዘይት አይበቃንም። በየሳምንቱ የሚተኮስበትና ወራት የሚቀመጠው አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው ሲኤልፒ የሚሉት፣ የሚያጸዳም የሚያለሰልስም ከዝገት የሚጠብቅም ዘይት ይሆናል። ስስ ስለሆነ ግን ውሎ አድሮ ይሸሻል። ለረጅም ክምችት ወፈር ያለ ፀረ ዝገት ይሻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮስሞሊን የሚባል ሰም መሰል ቅባት ይቀቡ ነበር። እሱን ማስለቀቅ ግን ፍዳ ነውና ለእኛ አልመክረውም።

አባል፦ ደብሊውዲ-40ስ? ሁሉም ቤት አለ።

አሰልጣኝ፦ እሱ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሠራ ዓላማው ውሃን ከብረት ላይ ማስለቀቅ ነበር። ዝናብ የመታውን ጠመንጃ ለማድረቅ ጎበዝ ነው። ለወራት ይጠብቃል ብዬ ግን አላምነውም። የምግብ ዘይት ያሰበም ካለ ይተወው፣ አየር ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን መጠኑ ነው። ረቂቁ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልኝ። ብረት በብረት ላይ የሚንሸራተትበት ቦታ ስስ ግሪስ ይቀባ። ማዞሪያና ችንካር ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ጥይቱን የሚመታው መርፌና ቀዳዳው ደረቅ ይሁኑ። እዚያ ዘይት ከገባ ጥላሸት ይሰበስባል፣ መርፌው ይደክማል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ብርድ ላይ ወፍራም ቅባት ጭራሽ ይጠጥራል።

አባል፦ አቧራማ ቦታ ስንተኩስስ?

አሰልጣኝ፦ ዘይትና አቧራ ሲገናኙ ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናሉ። በጣም ቀንሱ። ወይ ደረቅ ማለስለሻ ተጠቀሙ።

ንብረት ክፍል፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከክምችት የወጣ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት በርሜሉና ጥይት የሚጎርስበት ቦታ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ቀለሁ፣ ማለትም የጥይቱ ቅርፊት፣ ሲተኮስ የዚያን ቦታ ግድግዳ ይዞ መቆም አለበት። ዘይት ካለ ይንሸራተታል፣ ግፊቱ ጥይቱን ከኋላ በሚዘጋው መዝጊያ ላይ ያርፋል። በርሜል ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። ስለዚህ በተከማቸ ጠመንጃ መዝጊያ ላይ «በርሜሉ ተቀብቷል» የሚል ወረቀት ይንጠልጠል።

አባል፦ የድሮ ጥይት የምንተኩስ አለን። እሱስ?

ንብረት ክፍል፦ ድሮ የተሠሩ አንዳንድ ጥይቶች ተቀጣጣያቸው፣ መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚለኩሰው ማለት ነው፣ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨዉ እርጥበት ይስባል። ዘይት አያሟሟውም፣ ላዩን ብቻ ነው የሚሸፍነው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ይቀባ። በዚያው ቀን!

አስተባባሪ፦ አመሰግናለሁ። መነሻ ሐሳቤን ትቼዋለሁ። ረቂቁ ይኸው፦ «ክለቡ ሁለት ቅባት ይገዛል፣ አንዱ ለአገልግሎት፣ ሌላው ለክምችት። ከማንኛውም ጽዳት በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፣ ጥይት ከጠረጴዛው ይርቃል። ጽዳት መስኮት ተከፍቶ፣ በጓንት ይሆናል። የተከማቸው ሁሉ በየወሩ ይታያል።»

ንብረት ክፍል፦ ሁለት ነገር ቀርቶታል። አንደኛ፣ የቆዳና የስፖንጅ ሳጥን እርጥበት ይይዛል፣ ለክምችት አይሁን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይቀመጥ፣ እርጥበቱም ከ50 በመቶ በታች ይሁን። ሁለተኛ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ይቁም። አለዚያ ዘይቱ ወርዶ የእንጨት ሰደፉን ያለሰልሰዋል።

አሰልጣኝ፦ እስማማለሁ። በየወሩ የሚያየው ግን ማነው? «ሁሉም ያያል» ከተባለ ማንም አያይም። ስሙ ይጻፍ።

አስተባባሪ፦ ልክ ነህ። ክፍት ቦታ ትቻለሁ። ፈቃደኛ የሆነ እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ፣ ካልሆነ ጉባኤው ይመድባል።