ሄክስ ስጫወት ተቃዋሚዬን መዝጋት አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦
ጤና ይስጥልኝ። ከታላቅ እህቴ ጋር ሄክስ መጫወት ጀምረናል። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ ሰሌዳው 11 በ11 ሲሆን ቤቶቹ ባለ ስድስት ጎን ናቸው። አንዱ ተጫዋች የላይኛውንና የታችኛውን ዳር፣ ሌላው ግራና ቀኙን ይይዛል። በየተራ አንድ አንድ ጠጠር ይቀመጣል። የተቀመጠ ጠጠር አይንቀሳቀስም፣ አይበላምም። ሁለቱን ዳሮቹን ባልተቋረጠ የጠጠር መስመር ያገናኘ ያሸንፋል፤ ደንቡ ይኸው ነው።

የቸገረኝ መዝጋቱ ነው። እህቴ ወደ ዳሯ ስትገሰግስ ከጠጠሯ ፊት ተጠግቼ እዘጋለሁ፣ እሷ ግን በጎን ታልፈኛለች። ደግሞ እጠጋለሁ፣ ደግሞ ታልፋለች። ቀድሞ የሚጀምር ያሸንፋል የሚባለውስ እውነት ነው? ማሸነፍ ካልሆነልኝ አቻ የምወጣበት ዘዴ ይኖራል?

ጥቁር ጠጠር፦
ወንድሜ፣ ችግሩ መጠጋትህ ነው። ከጠጠሯ ወደ ዳሯ የሚያመሩት አጎራባች ቤቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱን ስትይዝባት በሌላው ታልፋለች። ራቅ ብለህ፣ በጠጠሯና በዳሯ መካከል ሁለት ሦስት ተራ (የቤቶች ረድፍ) ትተህ ዝጋ። ያን ጊዜ በየትኛው በኩል እንደምትመጣ ካየህ በኋላ ለመመለስ ቦታ ይኖርሃል።

ከዚያ ድልድይን ተማር። ሁለት ጠጠሮችህ አይነካኩም፣ ነገር ግን በመካከላቸው ሁለቱንም የሚነኩ ሁለት ባዶ ቤቶች አሉ እንበል። ተቃዋሚህ አንዱን ባዶ ቤት ቢይዝ አንተ ሌላውን ትይዛለህ፤ ስለዚህ ጠጠሮቹ ከአሁኑ እንደተገናኙ ይቆጠራሉ። ከዳሩ በሁለተኛው ተራ ላይ ያለ ጠጠርም እንዲሁ ነው፦ ከሥሩ ያሉት ሁለት ቤቶች ባዶ ከሆኑ ዳሩን ነክቷል በል። በሦስተኛው ተራ ላይ ያለውም ዙሪያው በቂ ባዶ ቦታ ካለው አይቆረጥም። እህትህ የምታልፍህ በድልድይ እየዘለለች ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ሁለት ድልድዮችህ አንድ ባዶ ቤት የሚጋሩ ከሆነ ተቃዋሚህ እዚያ ቤት ላይ አንድ ጠጠር አስቀምጦ ሁለቱንም ይነካል። አንተ በአንድ ተራ የምታድነው አንዱን ብቻ ነው። እኔ ድልድይ ከመሥራቴ በፊት መጀመሪያ የማጣራው ይህንን ነው።

የሒሳብ መምህርቷ፦
ስለ አቻው ልመልስልዎት፤ በሄክስ አቻ የለም። በአራት ማዕዘን ቤቶች በተሠራ ሰሌዳ ላይ አራት ቤቶች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ሁለት ጥቁርና ሁለት ነጭ እዚያ በተቃራኒ ማዕዘን ከተቀመጡ ማንም ለማንም ሳያሳልፍ ሊቀር ይችላል። ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ግን በአንድ ነጥብ የሚገናኙት ሦስት ሦስት ብቻ ናቸውና እንዲህ ያለ መተጋገድ አይፈጠርም። ሰሌዳው ቢሞላ ከሁለቱ አንዱ የግድ ተሻግሯል። ይህ ማለት እህትዎን እስከ መጨረሻው የሚያግዳት ነገር የራስዎ ዳሮች መገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚዘጉበት ጠጠር የእርስዎንም መስመር የሚያራምድ መሆን አለበት። ለእኔ የጨዋታው ውበት ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ማጥቃትና መከላከል የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሉም።

ቀድሞ መጀመርን በተመለከተ፣ ጨዋታውን ዴንማርካዊው ፒት ሃይን በ1942 ካቀረበው በኋላ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናሽ በ1948 ገደማ በራሱ መንገድ ደርሶበታል። ቀድሞ የሚጀምረው ተጫዋች የማሸነፊያ ስልት እንዳለው ያረጋገጠው ናሽ ነው። ማስረጃው አጭር ነው። ተጨማሪ ጠጠር ባለቤቱን ፈጽሞ አይጎዳም። ሁለተኛው ተጫዋች የማሸነፊያ ስልት ቢኖረው ኖሮ፣ ቀድሞ የሚጀምረው አንድ ጠጠር የትም አስቀምጦ ያንኑ ስልት ይወስድበት ነበር። ነገር ግን ማስረጃው ስልቱ መኖሩን እንጂ የት የት እንደሚቀመጥ አይነግረንም።

ጥቁር ጠጠር፦
ለዚህ መፍትሔው የመቀየር ደንብ ነው። አንደኛው የመጀመሪያውን ጠጠር ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ከፈለገ ቦታ ተለዋውጦ ያንን ጠጠር የራሱ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ማንም መሐል ላይ አይጀምርም፤ ይወሰድበታላ!

ጀማሪው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ራቅ ብሎ መዝጋቱን ሞክሬ ለውጥ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ዳሬ ለመድረስ አንድ ረድፍ ሲቀረኝ እህቴ ከሥሬ ትዘጋለች፤ እኔ ወደ ጎን እቀጥላለሁ፣ እሷም ከሥሬ ትከተላለች። እንዲህ እየተከታተልን እስከ ሰሌዳው ጥግ ሄደን እዚያ ተቋረጥሁ።

የዳር ተጫዋች፦
ይህ መሰላል ይባላል። አንተ በሁለተኛው ተራ፣ እሷ በመጀመሪያው ተራ ትሄዳላችሁ፤ በየእርምጃው እሷም የራሷን መስመር ወደ ራሷ ዳር ታስረዝማለች። ስለዚህ መጨረሻውን ሳታይ መሰላል አትጀምር። መሰላሉ በሚያልፍበት መንገድ ፊት ለፊት ከዳሩ ጋር የተገናኘ የአንተ ጠጠር ካለ፣ እዚያ ስትደርስ ዳሩን ነክተሃል ማለት ነው። ከሌለህ ቀድመህ አስቀምጥ። ዝም ብለህ ብታስቀምጠው ግን እህትህ በዚያች ተራ መንገዱን ትቆርጥብሃለች። ጠጠሩ ሌላ ቦታም የሚያስፈራራ ይሁን፣ ለምሳሌ ከላይ ካለው ሰንሰለትህ ጋር ለመገናኘት። እሷ ያንን ስትመልስ አንተ መሰላሉን ትጀምራለህ።