ፍሪዘር ያደረው የኩኪስ ሊጥ መሃሉ አልበስል አለኝ
ሊጡ 250 ግራም ዱቄት፣ 150 ግራም ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር አለው። እያንዳንዱን 40 ግራም አድርጌ አድቦልቡዬ፣ ትሪ ላይ እስኪጠጥር 2 ሰዓት ፍሪዘር ካቆየሁት በኋላ ነው አየር በማያስገባ ላስቲክ ያሸግኩት። ትኩሱ ሊጥ በ180 ዲግሪ በ12 ደቂቃ ያምራል። የቀዘቀዘው ግን ዳሩ ሲያር መሃሉ ጥሬ ነው፤ ሳይዘረጋም እንደ ኳስ ይቀራል። የመሃሉ ቅቤ ሳይቀልጥ ዳሩ ቀድሞ እየደረቀ ይመስለኛል። 165 ዲግሪ ላይ 16 ደቂቃ ይሻላል ወይስ ከማታው ወደ ፍሪጅ ማውረድ? ውጭ ማቆየቱን አልወደድኩትም፣ ላዩ ውሃ ይቋጥርና ይጣበቃል። ከማቀዝቀዜ በፊት ጠፍጠፍ ባደርገውስ? የሞከራችሁ፣ እባካችሁ ዲግሪውንና ደቂቃውን ንገሩኝ።