የመርከብ ሞዴል ለመሥራት መሣሪያ ከየትኛው ልጀምር?

ጥያቄ (ጀማሪ፣ አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። አንድ ቀን «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ በሞዴል ሠርቼ ላበረክትላቸው እመኛለሁ። ለልምምድ እንዲሆነኝ እህቴ ከጀርመን ባለ አንድ ምሰሶ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ልካልኛለች፤ እንጨቱ ተቆራርጦ የተዘጋጀ ነው። በእጄ ያለው ግን መቀስ፣ ማስመሪያና ፒንሳ ብቻ ነው። ብዙ ዓይነት መሣሪያ የያዘ ሙሉ ሳጥን ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ዋጋው ግን የደመወዜን ግማሽ ይወስዳል። እሱን ልግዛ ወይስ ቀስ በቀስ ላሰባስብ?

መልስ (እንጨት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)
ሳጥኑን ተወው ወንድሜ። ግማሹን ዕቃ ሳትነካው ይቀራል፤ የምትነካው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥራት የለውም። መሣሪያ ሥራው ሲጠይቅህ ግዛ።

መጀመሪያ የምትሠራው አጽሙን ነው። ለዚህ ሹል ጫፍ ያለውና ምላጩ የሚቀየር ቢላዋ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ትንሽ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ)፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ እንዲሁም 120፣ 240 እና 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይበቁሃል። ወረቀቱን ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ለጥፈህ ተጠቀም፤ በጣትህ ይዘህ ከፈተግክ ጠርዙ ይድቦለቦላል። ከሁሉ በላይ ለስኳድራው አትሰስት። የጎን አጥንቶቹ በ90 ዲግሪ ካልቆሙ በላያቸው የሚለብሰው ጣውላ ይጣመማል፣ ያን ጊዜ ማቃናት ከባድ ነው። ተጨማሪ ምላጭም ያዝ፤ የደነዘዘ ምላጭ እንጨቱን ይቀደዋል፣ እጅንም የሚቆርጠው እሱ ነው።

መልስ (ከስቶክሆልም)
በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ጣውላው ልጨምር። እዚያ ስትደርስ የሚያስፈልግህ መያዣ ነው። የልብስ መቆንጠጫ በብዛት ግዛ፤ ርካሽ ነው፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። ጣውላውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈህ አጉብጠው፣ በቅርጹ አስረህ አድርቀው፣ ከዚያ በኋላ ለጥፈው።

የመርከብ ሆድ መሐሉ ሰፊ፣ ጫፎቹ ጠባብ ስለሆኑ ጣውላዎቹም ወደ ጫፍ መቅጠን አለባቸው። ለመለኪያ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጭን ወረቀት በእያንዳንዱ አጥንት ላይ ጠቅልለህ ርዝመቱን ምልክት አድርግ፣ ለጣውላዎቹ ቁጥር አካፍል፤ በዚያ ቦታ የአንዱ ስፋት ይወጣልሃል። ውጤቱ ከጣውላው ሙሉ ስፋት ግማሽ በታች ከሆነ ግን ያን ያህል አታቅጥነው፤ ከጣውላዎቹ አንዱን ጫፉ ሳይደርስ አስቀረው። ለማቅጠን ትንሽ መላጊያ ቢኖር መልካም ነው፣ እስከዚያው ቢላዋው ይበቃል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያስ?

መልስ (ከቨርጂኒያ)
እኔ ግዛ እላለሁ። ትንሹ የእጅ ሞተር ይሰረስራል፣ ይፈትጋል፣ ይቆርጣል፤ ጊዜ ይቆጥብልሃል።

መልስ (እንጨት ሠራተኛው)
በዚህ አልስማማም፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ለጀማሪ ሞተሩ ፈጣን ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር የመሰርሰሪያ ጫፍ በቀላሉ ይሰብራል፣ ቀጭን እንጨትም ዓይን እስኪያርገበግብ በልቶ ይጨርሳል። በጣት የሚሽከረከረውን ትንሽ የመሰርሰሪያ መያዣ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ጫፎች ጋር ግዛ። ሞተሩ ለሁለተኛው መርከብ ይቆይ።

ደግሞ የሞዴል ሱቅ ብቻ አትፈልግ። ወርቅ ሠሪዎች መሣሪያ ከሚገዙበት ቀጫጭን ሞረድና ስስ መጋዝ፣ ሰዓት ሠሪዎች ከሚገዙበት ወረንጦና ማጉያ መነጽር ጠይቅ። ወረንጦው ግን የሚያስፈልግህ ገመድ ስትዘረጋ ነው፤ ያን ጊዜ ክሩን በንብ ሰም እየሳብክ አሽው፣ ጭገሩ ይተኛል።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ የማሽን ባለሙያ፣ ሐዋሳ)
ልጄ፣ ስለ አባትህ መርከብ ማንም አላነሳምና እኔ ልበል። «ኢትዮጵያ» ቀድሞ «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1962 ለእኛ ተሰጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡200 ልኬት ብትሠራት 47 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች።

አካሏ ብረት ነውና ጣውላ በጣውላ አትለብስም። የእንጨት ሰሌዳዎችን ደራርበህ ለጥፈህ ትጠርበዋለህ፤ በካርቶን በተቆረጠ ቅርጽም እየለካህ ታስተካክለዋለህ። ለዚያ ጥሩ መላጊያና ጎድጓዳ መሮ ይጠይቅሃል። ለመርከቧ ዳር አጥር ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦና ራዲዮ ጠጋኞች የሚይዙት ትንሽ መበየጃ ይበቃሃል። አሁን ምንም አትግዛ፤ ከአባትህ ዘንድ ግን ከጎን የተነሣ ፎቶግራፍ ካለ ዛሬውኑ ቅጂ አስቀር፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነም ጠይቀህ ጻፍ።