ያገለገለ የፑል ኳስ ሲገዛ ምኑ ይታያል? ዋጋውስ በምን ይተመናል?

ስምንት ቁጥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ ላለው ፑል ቤት ሙሉ 16 ኳስ ልገዛ ነው። ሁለት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንዱ ያገለገለ ነው፤ ሻጩ «ኦሪጅናል አራሚት ነው» ይላል (አራሚት የኳስ ብራንድ ነው)፣ ነጯ ኳስ ላይም ጽሑፉ አለ። ሌላው ከነካርቶኑ ያልተነካ፣ ስም የሌለው፣ ዋጋውም የአሮጌው ግማሽ ነው። አሮጌው ያብረቀርቃል፤ የተሰነጠቀም አላየሁበትም። ከመክፈሌ በፊት ምኑን ልመርምር? ጨርቁን ገና አሁን ነው ያስቀየርኩት፣ እንዳይበላሽብኝም እሰጋለሁ።

ሚዛን ያዥ፦
ማብረቅረቁን ተወው፤ ሰም የተቀባ ኳስ ሁሉ ያብረቀርቃል። ጽሑፉም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነጯ በየምቱ ስለምትመታ ቀድማ ታልቃለች፣ ለብቻዋም ትሸጣለች፤ ስለ ቀሪዎቹ 15 ምንም አትነግርህም።

0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይዘህ ሂድ፣ የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ኳሶቹን አንድ በአንድ መዝነህ ጻፍ። በዓለም አቀፉ ደንብ የፑል ኳስ ዲያሜትር 57.15 ሚሊሜትር ነው፣ ከዚያ በ0.127 ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። ግን ልብ በል፦ አንዱ 158 ሌላው 169 ቢመዝኑ ሁለቱም ደንቡን አልጣሱም፣ አብረው ግን አይጫወቱም። ዋናው ነገር እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ግራም ካልበለጠ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ 2 ያስኬዳል፤ 3 ከደረሰ ኳሶቹ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀሙ ናቸው ብለህ ጠርጥር።

ሚዛኑ ማለቁንም ያሳይሃል። የአንድ ኳስ ዲያሜትር በ0.1 ሚሊሜትር ሲቀንስ ክብደቱ በ0.9 ግራም ገደማ ይወርዳል። ርካሽ ካሊፐር (ውፍረትና ዲያሜትር መለኪያ) ያን ያህል አጥርቶ አያነብም፤ ሚዛኑ ግን በቀላሉ ይለየዋል።

ጨርቅ ቀያሪ፦
ስለ ጨርቁ ከጠየቅክ ጥያቄው የቁሱ ነው። አራሚት ቤልጅየም ውስጥ በሳሉክ ፋብሪካ የሚሠራ የፌኖል ሬዚን (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት) ኳስ ነው። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ናቸው። ብሬክ ላይ (የተደረደሩትን ኳሶች በሚበትነው የመክፈቻ ምት) ነጯ ከመንከባለሏ በፊት በጨርቁ ላይ ትንሸራተታለች፣ ሰበቃው ሙቀት ይፈጥራል። ፌኖሉ ሙቀቱን ይችላል። ፖሊስተሩ ቶሎ ይጫራል፣ ጭረቱ ቾክ (የዱላው ጫፍ ላይ የሚቀባውን ዱቄት) ይይዛል፣ የተጫረው ገጽ ደግሞ ጨርቁን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ኳሶቹ በሚደረደሩበትና ብሬክ በሚመታበት ቦታ ላይ ነጫጭ መስመርና ነጠብጣብ ቶሎ ካየህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሌላው፣ ጥፍርህን በቁጥሩ ጠርዝ ላይ አስኪድ። በብዙዎቹ ርካሾች ቁጥሩ ላይ ላዩን የታተመ ስለሆነ ሲለቅ ይታያል። በአራሚት ቁጥሩም መቀነቱም (ከ9 እስከ 15 ባሉት ኳሶች ላይ የሚዞረው የቀለም ቀበቶ) ወደ ውስጥ የገባ የኳሱ አካል ነው፣ አይለቅም። በዚያው ጥፍር ዙሪያውን ፈትሽ፤ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ የወደቀ ኳስ ዓይን የሚያልፈው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥር ይኖረዋል። አንድ ስንጥር ያለው ኳስ አዲስ ጨርቅ ላይ አይወጣም፣ በነጻ ቢሰጡህም።

ባለ መቀነት፦
ቀለሙን አስተያይ። 1ን ከ9 ጋር፣ 2ን ከ10 ጋር፣ 3ን ከ11 ጋር እያለ እስከ 7 እና 15 ድረስ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን አድርግ። አንድ ላይ ተወልደው አብረው ያረጁ ከሆኑ ቢጫው ከቢጫው፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው ይገጥማል።

ሚዛኑ የተዛባ ኳስ ካለም በቀስታ አንከባለው። ኳሱን እያገላበጥክ በአንድ መስመር ላይ አራት አምስት ጊዜ ልቀቀው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ካለ ኳሱ ነው።

ስምንት ቁጥር፦
አሮጌውን መዘንኩት። አሥራ ሦስቱ ከ167.2 እስከ 167.9 ናቸው። 3 እና 11 ግን 169.6 እና 169.8 ሆኑ፣ ቀያቸውም ደመቅ ይላል። ነጯ 164.0። ታዲያ አሥራ ሦስቱ ጥሩ ናቸው ማለት ነው?

ሚዛን ያዥ፦
ተቀራርበዋል፣ ግን አብረው ያለቁ ይመስላሉ። 3 እና 11 በኋላ የተተኩ ናቸው። ከሌሎቹ በ2 ግራም ከፍ ማለታቸው፣ ሥሪታቸው አንድ ከሆነ፣ ወደ 0.25 ሚሊሜትር የሚጠጋ የዲያሜትር ልዩነት ነው። እነሱ 57.15 ከሆኑ አሥራ ሦስቱ 56.9 አካባቢ ናቸው ማለት ነው፤ የደንቡ ዝቅተኛ መጠን ደግሞ 57.02 ነው። ጥሩ ካሊፐር ካለው ሰው አረጋግጥ። ከሌለ 3ን በሁለት አሮጌዎች መሃል መስታወት ላይ ደርድርና ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከላይ ጣል። ማስመሪያው 3 ላይ እየተንጠለጠለ ከዋለለ ልዩነቱ እውነት ነው።

ጉዳቱ ብሬክ ላይ ይታያል። ሁለቱ ትልልቆች ባሉበት ትሪያንግል (ኳሶቹ በሚደረደሩበት ሦስት ማዕዘን) ውስጥ ክፍተት ስለሚቀር ኳሶቹ በደንብ አይበተኑም። ነጯ ስለቀለለች ወደ ኋላ መመለስ ይቀላታል፣ ተከትላ መሄድ ይከብዳታል። አዲስ ነጭ ብትገዛላት ደግሞ ከአሥራ ሦስቱ ከብዳ ነገሩ ይገለበጣል።

ዋጋውን እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምተምነው፦ የዚያኑ ሞዴል አዲስ ዋጋ ለ16 አካፍል። ነጯን ዜሮ በል። 3 እና 11 እንደ ነጠላ መለዋወጫ ይቆጠሩ፣ ከዚያ በላይ አይደሉም። አሥራ ሦስቱን የአዲስ ኳስ ሲሶ አድርግ፣ ከዚያ በላይ ከጠየቀህ ተወው። ስም የሌለውንም ሳትመዝን አትግዛ፤ አዲስ ሆኖ 3 ግራም የሚለያይ ሞልቷል። ገንዘቡን ማጠራቀም ከቻልክ ዝቅተኛው አዲስ የፌኖል ሞዴል ከሁለቱም ይሻልሃል።

ጨርቅ ቀያሪ፦
አንድ ነገር ቀረ። ጠረጴዛህ በሳንቲም ወይም በቶከን የሚሠራ ነው? ከሆነ ነጯን ከሌሎቹ የሚለያት በመጠኗ ወይም በውስጧ ባለው ብረት ነው። በመጠን ለሚለዩት 60.3 ሚሊሜትር ነጭ ያስፈልጋል፣ በማግኔት ለሚለዩት ብረት ያለባት። ተራ ነጭ ከገዛህ ቀዳዳ በገባች ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ተቆልፋ ትቀራለች። አሮጌዋን ነጭ ከመጣልህ በፊት ማግኔት አስጠግተህ ሞክር።