የውጫሌን አንቀጽ 17 ከአኒሺናቤዎች ውል ጋር ለማነጻጸር የትኛውን ውል ልውሰድ?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላለ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ ክበብ በውጫሌ ውል ላይ የ40 ደቂቃ ዝግጅት ይቀርባል። ከአንቀጽ 17 ጎን የሰሜን አሜሪካ አኒሺናቤዎች አንድ ውል ይነበባል። የትኛው ይሻላል? በቋንቋቸው የተጻፈ ቅጂ ነበረው ወይ? «መሬታቸውን ሸጡ» ብሎ ለተማሪ መናገርስ ልክ ነው?

የአምባሰል ልጅ፦
የ1837ቱን ይያዙ መምህር። አኒሺናቤ የኦጂብዌ፣ የኦዳዋና የፖታዋቶሚ የጋራ ስማቸው ነው፤ ይህን ውል ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የፈረሙት ኦጂብዌዎች ናቸው። የተፈረመው በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 1837፣ ዛሬ ሚኒሶታ በሚባለው አገር ነው። በእኛ ሐምሌ 1829 ይሆናል፤ ውጫሌን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ብላችሁ ይህን 1837 ካላችሁ ተማሪው የኦጂብዌው ውል ከውጫሌ 44 ዓመት የቀደመ ይመስለዋል፤ ልዩነቱ ግን 52 ዓመት ገደማ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መልሱ።

ቅጂውን በተመለከተ፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከውጫሌ የሚለየው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ የተፈረመው የውጫሌ አማርኛ ቅጂ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው ሌላ ቢል የእኛው ወረቀት ወጥቶ ይመሰክራል። ኦጂብዌዎች በጉባኤው ከተናገሩት ቃል በቀር የሚያወጡት ወረቀት አልነበራቸውም። ማጌጋቦ የተባለው ተናጋሪ ካርታው አጠገብ የኦክ ዛፍ ቅጠል አኑሮ፣ ከምንሰጣችሁ አገር ኑሯችንን የምናገኝበትን ዛፍና የምንጠጣውን ውኃ እንይዛለን አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ የተተረጎመለትን እንዳለ ከጻፈ በኋላ፣ ነገሩ ትርጉም የለሽ መሆኑን፣ አስተርጓሚዎቹም ለሥራው የማይበቁ መሆናቸውን፣ ማለት የፈለጉት ግን አደን፣ ዓሣና ከሜፕል ዛፍ ስኳር ማውጣትን ለራሳቸው ማስቀረት ሳይሆን እንዳልቀረ አሰፈረ። ይህን ገጽ ለተማሪዎቹ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም።

ሎጎ ሐይቅ፦
«ሸጡ» የሚለው ቃል ግማሹን ይደብቃል። በአንቀጽ 5 አደን፣ ዓሣ ማጥመድና የዱር ሩዝ መሰብሰብ የኦጂብዌዎቹ ሆነው ቀርተዋል። እነዚህ አሜሪካ የሰጠቻቸው ስጦታዎች አይደሉም፤ ቀድሞም የነበራቸውና ያልለቀቁት መብት ነው። ችግሩ መጨረሻው ላይ የተሰካው ሐረግ ነው፦ «ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀደ ድረስ»። ለአንቀጽ 17 ጓደኛ የሚሆነው እሱ ነው።

ክፍያውንም አትዝለሉት። ለ20 ዓመት በየዓመቱ 9,500 ዶላር በጥሬ ገንዘብና 19,000 ዶላር በዕቃ ይገባቸዋል፤ 70,000 ዶላር ደግሞ ለነጋዴዎች ዕዳ ተብሎ ተቆረጠ።

የአምባሰል ልጅ፦
ሐረጉ ያመጣውን ልጨምር፤ ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር በ1850 መጀመሪያ መብቱን ሽሮ ኦጂብዌዎች እንዲነሡ አዘዘ። የዓመቱ ክፍያ ይሰጥ የነበረው ሱፒሪየር በሚባለው ሐይቅ ደሴት ላይ ባለችው ላፖይንት ነበር፤ ለዚያ ዓመት ወደ ምዕራብ ወደ ሳንዲ ሌክ ተዛወረ። ሐሳቡ ሕዝቡን ወደዚያ ስቦ ክረምቱ ሲይዘው እንዲቀር ማድረግ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ድረሱ ተባሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጡ፣ የመንግሥቱ ወኪል ግን ገንዘቡን ይዞ አልደረሰም። የተሰጣቸው ምግብ የተበላሸ ነበር፤ ተቅማጥና ኩፍኝ ገባ። ጥቂቱ ክፍያ የደረሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ ሲሆን ያን ጊዜ ውኃው በረዶ ሆኖ ታንኳ አይሄድም። በእግር ተመለሱ። በሰፈሩና በመንገድ የሞቱት ወደ 400 ይገመታሉ፤ የሚበዙት ያለቁት በመመለሻው ላይ ነው።

በ1852 አለቃ ከቺዋይሽኬ፣ ዕድሜው ከ90 በላይ ሆኖ፣ ዋሽንግተን ሄዶ ፕሬዚዳንት ፊልሞርን አነጋገረ፤ የመነሣቱ ትእዛዝ ቀረ። በ1854ቱ ውል ደግሞ ርስታቸው በአገራቸው ተከለለ።

የጦሳ ሥር፦
ታዲያ አንቀጽ 5 ዛሬ ይሠራል? የዱር ሩዝ የሚባለውስ ምን ዓይነት እህል ነው?

ሎጎ ሐይቅ፦
ይሠራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ የቴይለር ትእዛዝ ሕጋዊ ሥልጣን እንዳልነበረውና መብቱም እንዳልጠፋ ወሰነ። ውል ሲተረጎም ፈራሚዎቹ ኦጂብዌዎች በተረዱት መንገድ ይሁን የሚል መርሕ አለ፤ የዚያ ጉባኤ መዝገብ ክብደት ያገኘው በዚህ ነው።

እህሉ ማኖሚን ይባላል፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ሣር ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም አንዱ ታንኳውን በረጅም እንጨት እየገፋ፣ ሌላው በሁለት ቀላል ዘንጎች ይሰበስባል፦ በአንዱ ዘንግ አገዳውን ወደ ታንኳው ያጎነብሳል፣ በሌላው ዛላውን መታ መታ ያደርጋል። የበሰለው ብቻ ይረግፋል። በኃይል ከተመታ አገዳው ተሰብሮ ያልበሰለው ፍሬ አብሮ ይጠፋል፣ ከቀናት በኋላ ተመልሶ የሚለቀም አይኖርም። ከዚያ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ እንደ ገብስ ቆሎ ይታመሳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ተደርጎ በእግር ይታሻል፤ በርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት በተሠራ ሰፌድ መሳይ ዕቃ ይበጠራል። ከታንኳው ውጭ ውኃው ውስጥ የወደቀው ፍሬ ለሚመጣው ዓመት ዘር ነው።